ያየሁት አንድ ቦታ

ውሉ ሁለት ገጽ ነው፤ ሳላመነታ ፈረምኩ፤
ለሃያ ቀን ዐይኔን ለሃሊፋክስ አስያዝኩ።
ሠዓሊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በዐይኔ ነው የኖርኩት፤
ከተማን ሁሉ ከሩቅ፣ በእርሳስ ጫፍ ነው የለካሁት።
አሁን ግን ከአውሮፕላኑ ደረጃ፣ በጥቁር ጨርቅ ታስሬ፣
እንደ እስረኛም እንደ ሙሽራም ወረድኩ፣
ምድሩን እየጠየቅኩ ባንድ እግሬ።

መሪዬ ዶርካስ፣ ስድሳን ያለፈች፣ ፒያኖ ቃኚ፣
ብርሃንን በወሬ ብቻ የምታውቅ፣
ወሬው ሲበዛባትም የምታዛጋ።

በመጀመሪያው ቀን የአገሬን ተረት ነገርኳት፤
«ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» ብዬ ተረጎምኩላት።
ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች። ኮቷን ደረበች።
«ና፣ እንሸፍት» አለች።
ወደቡን በጀልባ አቋርጠን ዳርትመዝ ወረድን፤
የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ይዘን ማታ ተመለስን።

ከተማው ቁልቁለት ነው። ሲጠፋኝ ጉልበቴን እጠይቃለሁ፤
ጣቴ የጫማዬን አፍንጫ ከገፋ፣ ወደ ባሕሩ ነኝ እላለሁ፤
ተረከዜ ከከበደኝ፣ ወደ ምሽጉ ኮረብታ።
እኩለ ቀን ላይ መድፍ ይጮኻል፣ ደረቴ ውስጥ የሚመታ፤
ርግቦች ብድግ ይላሉ፣ ክንፋቸው እንደሚበወዝ ካርታ።

ጭጋግም ድምፅ አለው፤ የሌላውን አፍ ያፍናል፤
የመርከቡ ጡሩንባ ብቻ
ጥጃ እንደሞተባት ላም ሌሊቱን እምቧ ይላል።
ዳቦ ሻጩ ናኽሌ መልሴን መዳፌ ላይ ይቆጥራል፣
ሳንቲም በሳንቲም፣ እንደ ሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ እያለ፤
ዶርካስ ጠርዛቸውን ዳብሳ ትመሰክራለች፦
አንድም ቀን ያጎደለው የለ።

በዘጠነኛው ቀን ግን (ይህን ለማን ልናገር)
ዶርካስ የቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ልትቃኝ ገብታ፣
እኔ ደጅ ቆሜ ነበር።
ከበላዬ ቀጭን የብረት ዜማ ተንጠባጠበ፤
ፏፏቴ አልኩት፤ ደወል አልኩት፤
ማንኪያ የያዘ ሕፃን ሰገነት ላይ፣ አልኩት።
አላስችል አለኝ።
ጨርቁን በአውራ ጣቴ ገለጥ አደረግኩ፣
ለአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ሌባ።

የመኪና ማቆሚያ ነው።
ባዶ። ቢጫ መስመር፣ የአጥር ሽቦ፣
ባንዲራ የሌለው የባንዲራ ዘንግ፣
ገመዱ ብረቱን እየመታ።
በቃ። ይኸው ነው።
መልሼ አሰርኩ።

ዶርካስ ወጣች፤ ክንዴን ያዘች፤ አንድ ጎዳና ሙሉ ዝም፤
«ዛሬ አይተሃል» አለች።
ክህደት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልወጣልኝም።
«በምን አወቅሽ?»
«በየጥጉ ‹ያ ምንድን ነው?› ትለኝ ነበር፤
ያን ዘንግ ስናልፍ አልጠየቅከኝም።»

አልተቆጣችም። ትንሽ ቆይታ፣
«ስንት ገመድ ነው?» አለች።
«አንድ» አልኳት፣ ዐይቼዋለሁና፣ በኩራት።
«ሁለት ነው። ሌላው ቀጭን ነው፤
ነፋስ ከባሕር ሲመጣ ብቻ ነው አንደበት ያለው።»

በሃያኛው ቀን ካርታዬን በሰም ሠራሁት፤
ቁልቁለቱን በአውራ ጣቴ፣ መድፉን በጡጫዬ፣
ጭጋጉን በመዳፌ ተጫንኩት፤
የናኽሌን ደጃፍ በሳንቲም ጠርዝ ከበብኩት።
ያን ቦታ ግን
ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሰሙ እምቢ አለኝ፤
እጄ የሚያስታውሰው ቢጫ ብቻ ሆነ፤
ቢጫ ደግሞ በጣት አይያዝም።
ባዶውን ተውኩት።

ዶርካስ ከተማዋን ከዳር ዳር ዳበሰች፤
ኮረብታው ላይ ፈገግ ያለች መሰለኝ፤
ከዚያ ጣቷ ባዶው ላይ ደርሶ ቆመ።
«እዚህስ ምንድን ነው?»

«ዐይኔ» አልኳት፣ በአማርኛ።
ትርጉሙን አልጠየቀችኝም።